ሊብሬው ምን ይላል? የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪኖች በውድድር ታሪካቸውና በጨረታ ዋጋቸው ሲመዘኑ

ልጅ ሆኜ አጎቴ ሴይቼንቶ ሊገዛ ሲሄድ ተከትዬው ሄድኩ። መካኒኩ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነከረና የሻንሲ ቁጥሩ ያለበትን ላሜራ ጠረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። አጎቴ ሊብሬውን ዘርግቶ በጣቱ ይከተላል። አምስተኛው ቁጥር ላይ መካኒኩ ዝም አለ። ቁጥሩ ከሌሎቹ ትንሽ ዘመም ብሏል። ዙሪያውን የብየዳ ጠባሳ አለ። "ይቅርብህ ጋሼ" አለው። የመኪናዋ ቀለም ያምር ነበር፤ ወንበሯም አዲስ ነበር። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ያኔ አልገባኝም ነበር። የጣሊያን መኪኖችን ጨረታ መከታተል ስጀምር ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። 50 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ፌራሪም የሚገዛው እንደዚያ ነው። አንድ ባለሙያ ይጎነበሳል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል። ገዢው የሚከፍለው ለላሜራውና ለሞተሩ ብቻ አይደለም። ከዚያ ቁጥር ጋር ለተጻፈው ታሪክ ነው፤ ማን ነዳው፣ የት ተወዳደረ፣ ስንተኛ ወጣ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ የወጣበት ነው ወይስ የተቀየረ። ሊብሬ የሚለው ቃላችን ራሱ ከጣሊያንኛው ሊብሬቶ የመጣ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፦ ጋራዦቻችን ዛሬም ግማሹን የሚያወሩት በጣሊያንኛ ነው። ለዚህም ይመስለኛል እነዚህ መኪኖች ባዕድ የማይሆኑብኝ።

ከዚህ በታች የማወዳድራቸው በሦስት ዓይነት ገንዘብ የሚገዙ ናቸው፤ በአሥር ሚሊዮኖች፣ በሚሊዮን፣ እና በመቶ ሺዎች። ገንዘቡ የሌለን ሰዎችም ጨረታውን ስናይ ዋጋው ከየት እንደመጣ እንድናውቅ ይረዳናል። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በስም የጠቀስኳቸው የጨረታ ዋጋዎች የጨረታ ቤቱን ኮሚሽን ጨምረው ነው።

ጂቲኦ ወይስ ኤልኤም?

ብዙ ሰው "ከጣሊያን መኪኖች ሁሉ ውዱ የቱ ነው?" ሲባል ፌራሪ 250 ጂቲኦ ይላል። ልክ ነው። ከ1962 እስከ 1964 የተሠሩት 36 ብቻ ናቸው። ከፊት ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር፣ 3 ሊትር፣ ወደ 300 የፈረስ ጉልበት። 250 የሚለው ቁጥር የአንዱ ሲሊንደር ይዘት ነው፤ 250 ሲሲ በ12 ሲባዛ 3 ሊትር ይመጣል። ሥራውን የጀመረው መሐንዲሱ ጆቶ ቢዛሪኒ ነበር። እሱ በ1961 መጨረሻ ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ፋብሪካውን ሲለቅ፣ ገና ወጣት የነበረው ማውሮ ፎርጊዬሪ ተረክቦ ጨረሰው።

የዓለም አቀፉ የመኪና ውድድር ፌዴሬሽን ጂቲ በሚባለው የመንገድ ስፖርት መኪኖች ምድብ ለመወዳደር 100 መኪና መሠራት አለበት ይል ነበር። ኤንዞ ፌራሪ "ይህ አዲስ መኪና አይደለም፤ የቀድሞው 250 ጂቲ ቅጥያ ነው" ብሎ ተከራከረ። ተቀበሉት። መኪናውም በ1962፣ በ1963 እና በ1964 በተከታታይ የጂቲ አምራቾችን ሻምፒዮና ለፌራሪ አስገኘ። ፈረንሳይ ውስጥ በሚካሄደው የሌማን 24 ሰዓት ውድድር በ1962ም በ1963ም ከጠቅላላው ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ግን ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወንድሙን 250 ኤልኤም እንየው። ሞተሩ ከሾፌሩ ጀርባ ነው። የተሠሩት 32 ናቸው። ፌራሪ ያንኑ ክርክር ይዞ ሄደ፤ "ይህም የ250 ቅጥያ ነው" አለ። በዚህኛው ዙር ግን እምቢ አሉት። ስሙ ራሱ የክርክሩ ቅሪት ነው። ሞተሩ 3.3 ሊትር ስለሆነ በሒሳቡ 275 መባል ነበረበት። ስለዚህ ኤልኤም ለውድድር ብቻ ከተሠሩ ጠንካራ መኪኖች ጋር እንዲሰለፍ ተገደደ።

በ1965 ሌማን ላይ የሆነውን ግን ማንም አልጠበቀም። የፎርድ መኪኖች በብልሽት ወጡ። የፌራሪ ፋብሪካ ያሰለፋቸው አዳዲሶቹም በፍሬን ችግር ወደ ኋላ ቀሩ። በመጨረሻ ያሸነፈው ናርት የተባለው የአሜሪካ የግል ቡድን ያሰለፈው ኤልኤም ነው። ሾፌሮቹ ማስተን ግሪጎሪና ዮኸን ሪንት ነበሩ። ሁለተኛ የወጣውም ኤልኤም ነው። ከዚያ በኋላ ፌራሪ ሌማንን በጠቅላላ አሸናፊነት ደግሞ እስኪያገኘው ድረስ 58 ዓመት ጠበቀ፤ እስከ 2023።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ያ የሌማን አሸናፊ ኤልኤም፣ የሻንሲ ቁጥር 5893፣ በየካቲት 2025 ፓሪስ ላይ በ34.88 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ሌላ ኤልኤም በ2015 በ17.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጦ ነበር። በጨረታዎቹ መካከል አሥር ዓመት ገደማ አለ። ቢሆንም የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው የዚያች አንድ ቀን ድል ነው። ጂቲኦ ደግሞ በ2018 በ48.4 ሚሊዮን ዶላር፣ ሌላኛው በ2023 በ51.7 ሚሊዮን ዶላር ሄዷል። የ2023ቱ ፋብሪካው ራሱ ያሰለፈው፣ ያኔ 4 ሊትር ሞተር የተገጠመለት ነበር። በ1962 ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ ላይ ሁለተኛ ወጥቷል።

ሌማንን ያሸነፈው ካላሸነፈው ረከሰ ማለት ነው። ለምን? እኔ የማየው እንዲህ ነው። የጂቲኦ ክብር የሞዴሉ ነው። ሻምፒዮናውን ያመጡት ብዙ መኪኖች፣ በብዙ ሾፌሮች፣ በብዙ ከተሞች ስለሆነ እያንዳንዱ ጂቲኦ ድርሻ አለው። የኤልኤም ትልቁ ክብር ግን በአንድ ሻንሲ ላይ ነው የተጻፈው። ሌሎቹ 31ዱ ያንን ክብር ሊጋሩት አይችሉም። በዚያ ላይ ጂቲኦ በተራ መንገድ ይነዳል። ባለቤቶቹ በየጊዜው ተሰባስበው በገጠር መንገድ አብረው ይጓዛሉ። ኤልኤም ውስጥ ግን ሞተሩ ጀርባችሁ ላይ ነው፤ ሙቀቱና ጩኸቱ ረጅም ጉዞ አያስመኝም።

የውድድር ታሪክን ብቻ ከመዘናችሁ 5893ን ምረጡ። ዋጋው እንዳይወርድብኝ፣ ልነዳውም እፈልጋለሁ ካላችሁ ጂቲኦ ነው። እኔ የምመኘው ኤልኤሙን ነው። የግል ቡድን ከፋብሪካዎች ሁሉ ቀድሞ የገባበት መኪና ስለሆነ።

አደጋ የደረሰበት መኪና ይርከስ አይርከስ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በ2014 በ38.1 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው ጂቲኦ በ1962 ሞንትሌሪ ላይ ተጋጭቶ ሾፌሩ ሄንሪ ኦሬዬ ሕይወቱ አልፏል። ኦሬዬ በበረዶ ሸርተቴ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ነበር። መኪናው ተጠግኖ ታሪኩ ሳይቋረጥ ስለቀጠለ ዋጋውን አላጣም። ዋጋ የሚገድለው የተደበቀ አደጋ ነው።

335 ኤስ እና ጉዊዲዞሎ

በየካቲት 2016 ፓሪስ ላይ አንድ ፌራሪ 335 ኤስ በ32.1 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። የዚህ ዓይነት የተሠሩት አራት ብቻ ናቸው። ከጂቲኦ በብዙ የበለጠ ብርቅ ናቸው። የተሸጠው መኪና በ1957 ሚሌ ሚሊያ በተባለው የጣሊያን የጎዳና ውድድር ላይ በቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ተነድቶ ሁለተኛ ወጥቷል። ከዚያ ሞተሩ ወደ 4 ሊትር አደገ። በዚያው ዓመት ሌማን ላይ ማይክ ሆውቶርን በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ አማካይ ፍጥነት አንድ ዙር ጨረሰ። ሌማን ላይ ከዚያ በፊት ያን ያደረገ አልነበረም።

ይህን ዋጋ ባየሁ ቁጥር ግን ጉዊዲዞሎ የምትባለው ትንሽ ከተማ ትዝ ትለኛለች። ሜይ 12 ቀን 1957፣ በዚያው ሚሌ ሚሊያ፣ የዚህ መኪና እህት በአልፎንሶ ዴ ፖርታጎ ስትነዳ ጎማዋ ፈነዳ። ዴ ፖርታጎና ረዳቱ ኤድመንድ ኔልሰን ሞቱ። ከመንገድ ዳር ቆመው ያዩ የነበሩ ዘጠኝ ሰዎችም ሞቱ፤ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ከብሬሺያ ሮም ደርሶ መልስ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል የሚፈጀው ውድድር በዚያ አበቃ። የእነዚህ መኪኖች የውድድር ታሪክ ሲነገር ይህም አብሮ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ዴ ፖርታጎ ከዚያ በፊት በ1956 ቱር ደ ፍራንስ የተባለውን የመኪና ውድድር በ250 ጂቲ አሸንፎ ነበር። ሞዴሉ "ቱር ደ ፍራንስ" የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እሱ ያሸነፈበት መኪና በ2015 በ13.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ከፌራሪ በፊት አልፋ ነበር

ኤንዞ ፌራሪ የራሱን መኪና ከመሥራቱ በፊት የአልፋ ሮሜዮን የውድድር ቡድን ይመራ ነበር። በ1930ዎቹ ጣሊያንን የሚያስከብረው ስም አልፋ ነው። 8ሲ 2300 ሌማንን ከ1931 እስከ 1934 አራት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። የዘመኑ ቁንጮ ግን ቪቶሪዮ ያኖ የነደፈው 8ሲ 2900 ነው። ስምንት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ ሁለት የአየር መጭመቂያ፣ በአራቱም ጎማ ራሱን የቻለ ሶስፔንሽን።

8ሲ 2900ቢ በ1938 ሚሌ ሚሊያን በክሌሜንቴ ቢዮንዴቲ አሸነፈ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ቢዮንዴቲ በዚሁ ዓይነት መኪና ደገመው። በ1938 ሌማን ላይ ደግሞ ጣሪያ ያለው አንድ ልዩ 2900ቢ ሌሎቹን በሰፊ ርቀት እየመራ ጎማው ፈነዳ፤ በኋላም ሞተሩ ተበላሽቶ ወጣ። ያ መኪና ዛሬ ሚላን አጠገብ፣ አረዜ በሚገኘው የአልፋ ሙዚየም ቆሟል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ዘመን ሌላም ትዝታ አለው። የ1936ቱ ሚሌ ሚሊያ የተካሄደው ኤፕሪል 5 ነው። 8ሲ 2900ኤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትሎ ገባ። የማይጨው ጦርነት ከተካሄደ ገና አምስት ቀኑ ነበር። የመኪናውን ውበት እያደነቅኩ ይህን ልረሳው አልችልም።

በዋጋ በኩል፣ ቱሪንግ የተባለው ቤት አካሉን የሠራለት አንድ ክፍት 2900ቢ በ2016 በ19.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። በምህንድስና ከጂቲኦ አያንስም ባይ ነኝ። ዋጋው ግማሽ እንኳ የማይሞላው ገዢዎቹ በልጅነታቸው ያዩት መኪና ስላልሆነ ይመስለኛል። ሰው በወጣትነቱ ግድግዳው ላይ ለለጠፈው መኪና ነው አብዝቶ የሚከፍለው። ከ10 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ያለው፣ ሚሌ ሚሊያንም በባለቤትነት መንዳት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ማሴራቲን ባጭሩ ላንሳው። "የወፍ ጎጆ" የሚሉት ቲፖ 61 ሻንሲው ከ200 ገደማ ቀጫጭን ቱቦዎች የተበየደ ነው። ኑርቡርግሪንግ ላይ የ1,000 ኪሎ ሜትሩን ውድድር በ1960 እና በ1961 አሸንፏል። ከእኩዮቹ ፌራሪዎች ጋር ሲነጻጸር ግን ዋጋው እጅግ ያነሰ ነው። ለመወዳደር ለሚገዛ ሰው ጥሩ ነው፤ ለትርፍ ለሚገዛ አልመክርም።

ሳይወዳደሩ የተወደዱ

እስካሁን ያልኩትን የሚያፈርስ የሚመስል ነገር አለ። ላምቦርጊኒ ሚዩራ ከፋብሪካው ቡድን ጋር ውድድር ወጥቶ አያውቅም። ፌሩቾ ላምቦርጊኒ ውድድር ገንዘብ ይበላል ብሎ አልፈቀደም። ከ760 በላይ ስለተሠራም ብርቅ የሚባል አይደለም። ሆኖም ሚዩራ ኤስቪ በ2020 ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቷል። ዋጋው የመልኩ ነው።

በተቃራኒው ፌራሪ 250 ጂቲ ሉሶን እዩ። ከጂቲኦው ጋር የአንድ ቤተሰብ 3 ሊትር ሞተር አለው። መልኩን እኔ ከጂቲኦው አስበልጣለሁ። 350 ገደማ ተሠርቷል፤ ለመንሸራሸር እንጂ ለውድድር አልነበረም። ዋጋው በአብዛኛው ከ1 ሚሊዮን ተኩል እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ልዩነቱን አስሉት። በሞተር የማይገለጥ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር በውድድር ታሪኩና በቁጥሩ ማነስ ላይ ነው ያለው።

ላንቻ አውሬሊያም እንዲሁ ነው። ክፍት የሆነው ቢ24 ስፓይደር 240 ብቻ ተሠርቷል። የሚታወቀው በውበቱ ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ይጠየቅበታል። የውድድሩን ሥራ የሠራው ግን ጣሪያ ያለው ቢ20 ነው። እሱ በመቶ ሺዎች ይገኛል።

የእኔ ምርጫ፦ ቢ20

እስቲ ይህን መኪና ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። ባለ 6 ሲሊንደር ቪ ሞተር ገጥሞ ለገበያ በብዛት በመቅረብ አውሬሊያ የዓለም የመጀመሪያው ነው። ካምቢዮውንና ፍሪሲዮኑን ከኋላ አደረጉት፤ ክብደቱ በፊትና በኋላ እንዲመጣጠን። የላንቻን መሐንዲሶች ይመራ የነበረው ደግሞ ያው ቪቶሪዮ ያኖ ነው።

በ1951 ሚሌ ሚሊያ ላይ ባለ 2 ሊትሩ ቢ20 በጆቫኒ ብራኮ ተነድቶ ከጠቅላላው ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው የሉዊጂ ቪሎሬዚ ፌራሪ ብቻ ነው፤ የእሱ ሞተር 4.1 ሊትር ነበር። በ1952 በሲሲሊው ታርጋ ፍሎሪዮ ውድድር ላይ ቢ20ዎች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተከታትለው ገቡ፤ አንደኛው ፌሊቼ ቦኔቶ ነው። በ1954 ሉዊ ሺሮን ሞንቴ ካርሎ ራሊን በዚሁ መኪና አሸነፈ። በወረዳ መንገድ፣ በተራራ፣ በበረዶ።

ወደ 3,900 ስለተሠራ ዋጋው አልናረም። ደህና የተያዘ ቢ20 ከ100 ሺህ እስከ 200 ሺህ ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ገንዘብ ይህን ያህል የውድድር ታሪክ የሚሰጥ ሌላ የጣሊያን መኪና አላውቅም። በዚያ ላይ ቁልፍ አንድ ጥቅም አለው። የዛሬው ሚሌ ሚሊያ ፍጥነት ሳይሆን ሰዓት ማክበር የሚለካበት ጉዞ ነው። የሚቀበለውም ከ1927 እስከ 1957 በተካሄደው ውድድር የተሳተፉ ሞዴሎችን ነው። ቢ20 ማመልከት ይችላል። ጂቲኦ አይችልም፤ ሉሶም ሚዩራም አይችሉም።

ራሊ የሚወድ ሰው ስትራቶስን ይመልከት። ከፌራሪ የመጣ የዲኖ ሞተር፣ ማርቼሎ ጋንዲኒ ቤርቶኔ በተባለው የንድፍ ቤት የነደፈው አካል። ከ1974 እስከ 1976 የዓለም ራሊ ሻምፒዮናን ሦስት ጊዜ አከታትሎ ወሰደ። ሳንድሮ ሙናሪ ሞንቴ ካርሎን በ1975፣ 1976 እና 1977 አሸነፈበት። ዋጋው ግማሽ ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። አጭርና ሰፊ ስለሆነ ግን ቶሎ ይሽከረከራል፤ ልምድ ለሌለው ሾፌር አይሆንም።

እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት

መዶሻው ሲወድቅ የሰማችሁት ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። የጨረታ ቤቱ ኮሚሽን ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ አያንስም። ትራንስፖርት፣ ቀረጥና ኢንሹራንስ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ዋጋ ሁሌ ይወጣል የሚሏችሁን ደላሎች አትስሙ። ኤንዞ ፌራሪ በ1988 ከሞተ በኋላ የፌራሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ተሰቀለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ተንኮታኮተ። በብድር የገዙ ብዙዎች ተጎዱ።

ከሁሉም የባሰው ፎርጅድ ነው። አንድ ዘመን ላይ ባለ አራት ወንበሩ 250 ጂቲኢ ርካሽ ነበር። ብዙዎቹን ቆራርጠው የጂቲኦ ኮፒ አደረጓቸው። እውነተኛ ፌራሪ ሻንሲ፣ እውነተኛ ፌራሪ ሞተር፣ ውሸት መኪና። ስለዚህ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፣ የፋብሪካው ማረጋገጫ፣ የድሮ ፎቶግራፍ፣ የባለቤቶቹ ዝርዝር ሳይጎድል ይቅረብላችሁ። አንድ ባዶ ዓመት ካለ ያ መኪና ያን ዓመት የት እንደነበር ጠይቁ።

በትንሽ ገንዘብ ለሚገዙትም ያው ነው። አልፋ ሮሜዮ ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲኤ የአውሮፓን የቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና በ1966 እና በ1967 አሸንፏል። ባለ 1.6 ሊትሩ 500 ያህል ነው የተሠራው። ከተራው ጁሊያ ጋር መልኩ አንድ ነው፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ተራውን ጂቲኤ አስመስሎ የሚሸጥ አይጠፋም። እውነተኛው ጂቲኤ የውጭ ላሜራው አሉሚኒየም ነው። ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም ሁለት ሁለት ካንዴላ አለው፤ ለአራት ሲሊንደር ስምንት። ልታዩት ስትሄዱ ኪሳችሁ ውስጥ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ቀለም እንዳይጭር። በሩ ላይ አስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው፤ አመስግናችሁ ውጡ። ካልያዘ ኮፈኑን አስከፍቱና ካንዴላዎቹን ቁጠሩ። ስምንት ከሆኑ ያኔ ቤንዚን የነካ ጨርቅ ጠይቁና የሻንሲ ቁጥሩን ጥረጉት። አንድ በአንድ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሊብሬውን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ።